ሳሙና ጎርሶ ነው

አቶ መኳንንት ከሞቱ በኋላ ዘመዶቻቸው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳቁባቸው። እውነቱ ይኸው ነው፤ ምን ይደረጋል! ኢንስፔክተር ጽናት በገና ማግስት ቀየት ወደተባለችው መንደር ገብታ ይህንን በሞባይል ቪዲዮ አየችው።

ሰውየው በየዓመቱ በገና ቀን «መሞት» ልማዳቸው ነበር። ጠላቸውን ጠጥተው መሬት ላይ ይዘረጋሉ፤ ቤተሰቡ ይከባቸውና ቀልድ ያወርድባቸዋል። እሳቸው ከሳቁ ተሸነፉ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሳቁም።

ቪዲዮውን የቀረፀችው ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣችው ልጃቸው ሳሌም ነበረች። ሲጀምር ወይዘሮ አማከለች ዳቦ ያድላሉ፤ የአቶ መኳንንት ወንድም ሚስት የነበሩ፣ እዚያው ግቢ የሚኖሩ መበለት ናቸው። የነጠላቸው ቀይ ጥለት ቁርጭምጭሚታቸውን ይነካል። ከዚያ የአቶ መኳንንት የእህት ልጅ የሆነው አንዷለም በቀንድ ዋንጫ ጠላ ቀድቶ ለአጎቱ ይሰጣል። አቶ መኳንንት ይጠጣሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይወድቃሉ፤ ይንፈራገጣሉ። ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል።

አፋቸው አረፋ ሲደፍቅ ሚስታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ «ሳሙና ጎርሶ ነው! ዘንድሮስ ባሰበት!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

አንዷለም ጆሮአቸው ሥር ጎንበስ ብሎ «ጋሼ ይነሱ እንጂ፣ የታረደው በግ ቆዳዬን መልሱ ብሎ በር ላይ ቆሟል!» ይላል። ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። ወይዘሮ አማከለች ምሰሶው ሥር ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ቀዩ ጥለት አንገታቸው ላይ ይታያል።

«ኤዲያ!» አለች ጽናት፣ ሞባይሉን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ። ከዚያ ግን መልሳ አነሳችውና ሦስት ጊዜ አየችው።

የጤና ባለሙያው ዋንጫው ውስጥ ያገኘው የበግ መዥገር መድኃኒት ነው። ያ ደግሞ በጎረቤቱ ሁሉ ቤት አለ። ዋንጫውን ያቀበለው አንዷለም ነውና ሌሊቱን በፖሊስ ጣቢያ አደረ፤ ነገ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል።

ጽናት መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጠየቀች።

«ዋንጫው የት ነበር እትዬ ጌታነሽ?»

«ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ። ከእሱ በቀር ማንም አይጠጣበትም።»

«ማን ሊያወርደው ይችላል?»

«እጅ ያለው ሁሉ። የሰጠው ግን አንዷለም ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አንዷለም ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። «ከአንድ ጆግ ለሁላችንም ቀዳሁ፤ እኔም ጠጣሁ። ቀንድ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ታቹ አይታይም። ለቀልድ ብዬ እንጂ...»

«ቀልድ የሚለውን ቃል ዛሬ አታሰማኝ» አለችው።

ወይዘሮ አማከለች በራቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ።

«መሞታቸውን መቼ አወቁ እትዬ?»

«ቄስ መልከ ጼዴቅ መጥተው ደረቱን ሲዳስሱ። ከሁሉ ጋር እኩል ነዋ ልጄ።»

«ከዚያ በፊት ለጨዋታው ብሎ ሐዘንተኛ የመሰለ ሰውስ ነበር?»

«በስመ አብ! በቁም ሰው ላይ ሟርት? መኳንንት ራሱ እሱን አይፈቅድም ነበር። እኔም በሕይወቴ አላደርገውም!»

ጽናት አመስግና ተነሳች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው። አንዷለም በካቴና መጣ። ወይዘሮ ጌታነሽ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

«ጆጉ ውስጥ መርዝ አልነበረም፤ ሁላችሁም ጠጥታችኋል» ስትል ጀመረች። «መርዙ ዋንጫው ሥር ቀድሞ ተቀምጧል። ስለዚህ የቀዳው ሰው ሳያውቅ ሊቀዳ ይችላል። ይህ ብቻውን ግን አንዷለምን አያስፈታውም። እስቲ ነጠላችሁን ተመልከቱ።»

ሴቶቹ ወደ ራሳቸው አዩ።

«ሁላችሁም አዘቅዝቃችኋል፤ ጥለቱ አንገታችሁ ላይ ነው። ለቅሶ ነውና ደግ አደረጋችሁ። ትናንትስ?» ሞባይሉን ከፍ አድርጋ ያዘች። «እዚህ ላይ የእትዬ አማከለች ጥለት እግራቸው ሥር ነው። እዚህ ደግሞ፣ እናንተ ስትስቁ፣ አንገታቸው ላይ ነው። ቄሱ የደረሱት ከዚህ ሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ሁሉም ጨዋታ ነው ሲል፣ ለሞተ ሰው ነጠላ ያዘቀዘቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«ለቀልዱ ይሆናላ!» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

«ጠይቄያቸዋለሁ። ሟርት ነው፣ በሕይወቴ አላደርገውም አሉኝ።»

ወይዘሮ አማከለች እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «እጄ ነው» አሉ። «አርባ ዓመት ለቅሶ ደርሶ የለ፤ ሲወድቅ ሳየው ሳላስበው አዞረው።»

«ለምን?» አለች ሳሌም።

«አባትሽ አምና በገና ‹ይታየው ከአረብ አገር መጥቷል፣ ከአውቶቡስ ወርዷል› ብሎ ላከብኝ። ሦስት ዓመት ድምፁን ያልሰማሁት ልጄ! ጫማም ሳላደርግ ሮጥኩ። ከዚያ አውቶቡስ የወረደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። ስመለስ እዚሁ ቤት፣ ሁላችሁም፣ እየተንከተከታችሁ ጠበቃችሁኝ። ‹ቀልድ ነው፣ ምን ያስቆጣሻል!› አላችሁኝ።»

ማንም ቀና አላለም። ጽናት ዓይኗን በየፊታቸው ላይ አዞረችው። ገዳይዋን ይዛለች፤ ግን ገዳይዋን ብቻ መያዟ አንገሸገሻት። እዚያ ቤት የተቀመጠችበት ወንበር ራሱ ቀፈፋት።

ካቴናው ሲፈታለት አንዷለም እየተንደረደረ መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ ኢንስፔክተር! ልጄን አባት አልባ ከመሆን አዳኑልኝ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

«አምና መልእክቱን ያደረሰላቸው ማን ነበር?» አለችው።

ዓይኑ መሬት ወረደ። «ጋሼ ልከውኝ ነው... እንዲያው ለ...»

ሊል የፈለገውን ቃል ዋጠው። ጽናት ሁለት እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ነፃ ነህ። ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው፤ ሂድ።»

ወይዘሮ አማከለችን ደግፋ ስትወጣ የአንዷለም እጅ እንደተዘረጋ ነበር።