በኢክላስ መስመር

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንዲት ሴት በሻርፕ ዋጋ ትከራከራለች። ከጎኗ አንድ ሰው ካልሲ ይመርጣል።

አልተያዩም።

«ዛሬ ነው» አለች፣ ሻርፑን ወደ ፀሐይ ዘርግታ።

«አርብ ተብሎ ነበር።»

«ዘውገ ነገ ጠዋት ጎተራውን ሊያጠፋው ነው። ዛሬ ካልወጣ የለም።»

«ልጅቷስ?»

«ከመጀመርህ በፊት እናስወጣታለን። ቃሌ ነው።»

«እኔስ?»

«ስምንት ሰዓት፣ ቴዎድሮስ አደባባይ።»

ሻርፑን አጣጥፋ መለሰች። እጇ ሲነሳ ካልሲዎቹ መሃል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፍላሽ ቀረች። ሰውየው ፍላሿን ከአንድ ጥንድ ካልሲ ጋር አነሳና ሄደ። አንድ መስታወት ፊት ቆሞ ኮሌታውን አስተካከለ። የሚከተለው ሰው አላየም። ለማንኛውም ብሎ በኋላ በኩል ዞረ።

ሴትየዋ ለተሚካኤል ትባላለች። ስሙ ከማይጠራ አንድ መሥሪያ ቤት ሰላዮችን ስታሰማራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እሱን «ሸማኔ» ትለዋለች። ላለፉት ስድስት ወራት በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ካሣሁን ነው። እውነተኛ ስሙን ፒያሳ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም።

የሚሠራው ውቤ በረሃ ጫፍ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ማስታወቂያው «ሰገነት ዳታ፣ የጥሪ ማዕከል አገልግሎት» ይላል። ባለቤቱ አቶ ዘውገ ግን የሚነግደው በሰው ምስጢር ነው። የነጋዴን፣ የሐኪምን፣ የባልና ሚስትን የስልክ ንግግር እየሰረቀ ያስቀርጻል፤ ከዚያ እየደወለ ያስፈራራል። ባለፈው ዓመት አንዲት ርዕሰ መምህርት በዚህ ጣጣ ራሷን አጥፍታለች። የተቀረጸው ሁሉ የሚከማቸው ባሕር ማዶ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ለተሚካኤል ጎተራ የምትለው እሱን ነው።

ወደ ጎተራው የምትገባው አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበረች። ኢክላስ።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። መዝገቡ የደንበኞች ጥሪ እንደሆነ ተነግሯት አምናለች፤ ድምፆቹን ከፍታ አዳምጣ አታውቅም፤ ፋይል ማስተካከል ብቻ ነው ሥራዋ። ችግሯ ሌላ ነበር። አዲስ መስኮት በከፈተች ቁጥር ጎተራው የይለፍ ቃል ይጠይቃታል፤ ቀጥሎም ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር። ቁጥሩ የሚመጣው ዘውገ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ በሩን ታንኳኳለች። ሃያ ጊዜም ይገላምጣታል።

ከሁለት ወር በፊት፣ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚቆጣጠረው ካሣሁን ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጠዋት አንዴ ግቢ፤ መስመሩን ክፍት ተዪው» አላት። «ከዚያ በኋላ የምትከፍቻቸው መስኮቶች ሁሉ በዚያው መስመር ይሾልካሉ። ቁጥር የለ፣ ግልምጫ የለ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እዚሁ ማሽንሽ ላይ ሶኬት የምትባል ትንሽ ፋይል ትፈጠራለች። የበር እጀታ በያት። እጀታዋን የያዘ ይገባል።»

«እና ማንም መጥቶ ቢይዛትስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሶኬቷን ሁሉም ሰው በሚደርስበት የጋራ ማህደር ውስጥ እንዳታስቀምጥ ነገራት። ማሽኑ ላይ በራሷ መለያ ሥር ለብቻው ማህደር ከፈተላት። ከእሷ በቀር ማንም እንዳያነበው፣ እንዳይጽፍበት፣ እንዳይገባበት አድርጎ ቆለፈው። ሥራው ንጹሕ ነበር። እንከን አልነበረውም።

ኢክላስ ግን አራዳ ናት።

«ሩትስ?» አለችው።

ሩት ማለት የማሽኑ ሁሉን ቻይ መለያ ነው። ምንም ቁልፍ አያግደውም። ቢሮው ውስጥ እንደ ሴት ስም ይቀልዱበታል።

«ሩት የእኔ ናት» አላት።

«እንግዲያው ወንድሜ፣ አንተን ማመን ነዋ!» ብላ ሳቀች። በማግሥቱ ከቤቷ ሳምቡሳ ይዛለት መጣች።

በላ። ጣፈጠው። ማታውኑ ለለተሚካኤል «መንገዱ ተከፍቷል» የሚል መልእክት ላከ።

አሁን ስድስት ሰዓት ነው። ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል። ደረጃው ላይ አንድ ዘበኛ አለ። ዘውገ ቢሮው ውስጥ ነው።

ኢክላስም ወንበሯ ላይ ነች።

ካሣሁን ጠረጴዛው ሥር ስልኩን አወጣ። «ልጅቷ አልወጣችም» ብሎ ጻፈ።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ቀጥል።»

ፍላሿን ሰካ። ከጠረጴዛው ሆኖ ወደ ኢክላስ ማሽን እንደ ሩት ገባ። የኢክላስን የተቆለፈ ማህደር ከፈተ፤ ሶኬቷን አገኛት። ሁለት መስመር ትእዛዝ ጻፈ።

ጎተራው ምንም አልጠየቀውም። ስም የለ፣ ቁጥር የለ። ተከፈተ።

የስም ዝርዝሩ፣ የገንዘብ መቀበያዎቹ፣ ዘውገ ራሱ ያስፈራራባቸው ጥሪዎች መቀዳት ጀመሩ። ጎተራው የገባውን ሰው በመዝገቡ ላይ ጻፈ፦ ኢክላስ።

እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ሠላሳ በመቶ። አርባ አምስት።

የዘውገ ስልክ ጮኸ። ዘውገ አዳመጠ። ከዚያ በሩን ከፈተ።

«ኢክላስ፣ ነይ እስቲ።»

ገባች። በሩ ተዘጋ። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማል።

«ሰርቨሩ ውስጥ ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ፣ አቶ ዘውገ። ጠዋት እርስዎ ቁጥሩን ሰጥተውኝ ነው የገባሁት።»

«ምን እየወሰድሽ ነው? ለማን ነው የምትሸጪኝ?»

«ምንም አልወሰድኩም! ወላሂ ምንም!»

የጥፊ ድምፅ ተሰማ። ወንበር ወደቀ።

ካሣሁን ስክሪኑን አየ። አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀራል።

መስመሩን ቢቆርጥ እዚያው ያበቃል። ጎተራው ነገ ይጠፋል። ዘውገ በሌላ ስም፣ በሌላ ፎቅ ይጀምራል። ባይቆርጥ ደግሞ ኢክላስ…

ጣቱ አልተንቀሳቀሰም።

በሩ ተበረገደ። ዘውገ ላብ አጥምቆት ቆመ። ከኋላው ኢክላስ መሬት ተቀምጣ ከንፈሯ ይደማል።

«ካሣሁን! በእሷ መስመር ከእሷ ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል?»

ኢክላስ ቀና አለች። ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር። የሚያድናት ሰው ስለተጠራ።

«ንገረው ካሤ! አንተ አይደለህ የሠራህልኝ? ንገረው!»

ዓይኗን አየው።

«አይችልም» አለ።

እፎይታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ገባት። ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት እንደገባት አየ። አልጮኸችም፤ አልረገመችውም። አንገቷን ደፋች።

«ዝጋው!» አለ ዘውገ።

«እየዘጋሁት ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል።»

በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

አሥሩን ደቂቃ ተቀመጠ። ሁሉንም ሰማ። አንድ ጊዜ የደረቀ ነገር የተሰበረ የሚመስል ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም።

መቶ በመቶ።

ፍላሿን ነቅሎ ምላሱ ሥር አደረገ። መስመሩን ዘጋ። ዘበኛውን በእጁ ሰላም ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ቴዎድሮስ አደባባይ የታክሲ ወረፋው ረጅም ነበር። ለተሚካኤል ጥላ ይዛ ቆማለች። ፍላሿ ከመዳፍ ወደ መዳፍ አለፈች።

«ማን ነው የደወለለት?» አላት።

«እኔ።»

ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሰው ከውስጥ እየሰረቀው እንደሆነ ጠርጥሯል» አለች ድምፅዋን ሳትቀይር። «አንተ ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ ነበር። ሌላ ጠረጴዛ ሰጠሁት።»

«እርስዎ ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«አንተስ?» ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «ፍላሿን ሞልተህ አይደል የመጣኸው?»



«ፖሊስ አሁን ይግባ» አለ።

«ነገ ንጋት ላይ ይገባል። እንደታቀደው።»

ጥሏት ሄደ። ከአንድ መጻሕፍት ሻጭ ስልክ ለምኖ ፖሊስ ጣቢያ ደወለ። ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ በሩን ተናገረ። «ሴት እየደበደቡ ነው፤ ትሞትባችኋለች» ብሎ ዘጋው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሳይረን ሽቅብ ሲወጣ ሰማ።

ዘውገ ተያዘ። ዘበኛውም ተያዘ። በፍላሿ ላይ ያለው ማስረጃ የማይነቃነቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰዎች እጅ ተጨባበጡ።

ኢክላስም ታሰረች። ሐኪም ቤት እጇን በጀሶ አስረው ለጣቢያው አስረከቧት። መርማሪዎቹ የጎተራውን መዝገብ ሲከፍቱ ከላይ እስከ ታች የሚያነቡት የእሷን ስም ነበር። የዘውገ ቀኝ እጅ ተባለች።

«እሷ እንዳልሆነች እኛ እናውቃለን» አለ ሸማኔ።

«እኛ የለንም» አለች ለተሚካኤል። «የሌለ ሰው አይመሰክርም።»

አሥር ቀን ተኝቶ አላደረም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ገጽ ጻፈ። በዚያች ሰዓት ሩት የኢክላስን ማህደር እንደከፈተ የሚያሳየው መዝገብ በቢሮው ማሽን ላይ የት እንደሚገኝ አመለከተ። ፋይሎቹ ሲቀዱ ልጅቷ ዘውገ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ እየተደበደበች እንደነበር ጻፈ። ዘበኛው ደረጃው ላይ ሆኖ ይህን እንደሰማም ጨመረ። ከታች ስሙን ሊጽፍ ብዕሩን አስጠጋ።

አልጻፈም።

ወረቀቱን በጠበቃዋ በሸፊቃ ቢሮ በር ሥር አሾለከው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢክላስ ተፈታች። ለተሚካኤል ማን እንደጻፈው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ጠርታው አዲስ መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሸማኔ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ካሣሁንም የለም። ሂድ።»

መርካቶ አጠገብ አንድ የቀለም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆነ። ጢሙን አሳደገ። ሰው ሲያመሰግነው ይደነግጥ ነበር።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ሳለ ከፊቱ ያለች ሴት ዞር አለች። ቦርሳዋን በግራ እጇ ይዛለች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

«ካሤ?» አለችው።

ይቅርታ ሊላት ይችል ነበር። በእነዚያ ወራት ሌሊት ሌሊት የተለማመደው ንግግር ነበረው። አፉን ከፈተ።

«ተሳስተሻል፣ እህቴ» አለ።

ረጅም ጊዜ አየችው። ጢሙን፣ ቀለም የነካው ሸሚዙን፣ ዓይኑን። አልተቆጣችም።

«ይቅርታ» አለች ቀስ ብላ። «የማውቀው ሰው መስሎኝ ነው።»

ዞራ ቦታዋን ያዘች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። እሱ ግን አልተራመደም። ከኋላው ያለው ሰው «ወንድም፣ ትሄዳለህ ወይስ ልለፍ?» አለው።

«እለፍ» አለ። ከሰልፉ ወጥቶ፣ ፊቱ እንደ እሳት እየጋለ፣ ሕዝቡ መሃል ገብቶ ቁልቁል በእግሩ ሄደ።