«አለሁ» ያለው ማን ነው?

እህቴ እስከ ዛሬ «አንተው ነህ የመለስክልኝ» ትላለች።

እኔ አይደለሁም። ማመንም አለማመንም የእናንተ ነው... ግን ሆኗል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ።

ወንድሜ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር። የሚያደነዝዘውን ኪኒን የጀመርነው አብረን ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ጭራሽ ባሰብኝ። ፊቴን መታጠብ እንኳ ተራራ ሆነብኝ። ሳልወስድም አለቅሳለሁ፣ ወስጄም አለቅሳለሁ። በመጨረሻ ሰለቸኝ፤ ላቆም ወሰንኩ።

«ቆልፊብኝ» አልኳት ታላቅ እህቴን።



ወንድሜም ለማቆም ሲወስን እንዲሁ ብሎኝ ነበር። በዚያው በሁለታችን መኝታ ክፍል። ውላችን ቀላል ነበር፤ በየሰዓቱ ሦስቴ አንኳኳለሁ፣ እሱ ከውስጥ «አለሁ» ይላል። ዝም ካለ እከፍታለሁ።

አስር ሰዓት ላይ «አለሁ» ብሎኛል። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዝም ሲል ከፈትኩ፤ ሞቷል። ሐኪሙ ግን የሞተው ስምንት ሰዓት ላይ ነው አለ።

«ደንዝዘህ ነው» አለችኝ እህቴ። ከዚያ ወዲህ እኔም ራሴን አላምንም።

እናም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ውል ቆለፈችብኝ። ለኪኒን ሻጩ እንዳልደውል ስልኬንም ወሰደች። ሳሎን ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። ሰዓቱ ሲደርስ የስፌት መኪናው ይቆማል፣ ነጠላ ጫማዋ ይሰማል...

ስምንት ሰዓት። ኳ... ኳ... ኳ።

«አለሁ።»

«አይዞህ፣ የእናቴ ልጅ።»

ዘጠኝ ሰዓት። «አለሁ» አልኩ... ድምፄ ግን ከአፌ ቀድሞ የወጣ መሰለኝ።

ኪኒኑ እየለቀቀኝ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ከዚያ የወንድሜን አልጋ አየሁ። ጠዋት እህቴ ወጥራ ያነጠፈችው አንሶላ ተጨማዶ ነበር።

አስር ሰዓት ሊሆን ሲል ወደቅኩ። ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሴ ተሳስሯል። ልጮህ ብል አቃተኝ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ዝም ካልኩ ትከፍታለች።

መኪናው ቆመ።

ኳ... ኳ... ኳ።

ዝም።

«ወንድሜ?» አለችኝ።

ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ሰማሁ...

«አለሁ።»

ከጀርባዬ። ከአልጋው በኩል። በእኔ ድምፅ።

«እሰይ! አስደነገጥከኝ እኮ» አለች እህቴ።

ቁልፉን መልሳ አወጣችው። ነጠላ ጫማዋ እየራቀ ሄደ።

የስፌት መኪናው ሥራውን ቀጠለ...