ትንፍሽ እንዳትይ የተባለችው አማካሪ

የዌንዴልን እግር መርገጥ የጀመርኩት በደንቡ የተነሳ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን በዲሲፕሊን የተከሰሰ ተማሪ አማካሪ ይዞ መግባት ይችላል፤ አማካሪው ግን ጎኑ ይቀመጣል እንጂ ትንፍሽ አይልም። እኔን፣ ኦፓልን! የሕግ ተማሪ ነኝ እኮ፤ እናቴ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር።

ዌንዴል የከብት እርባታ ተማሪ ነው። የተከሰሰው ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ጥጃ አስገብተሃል ተብሎ ነው። ጥጃዋ ምንጣፉን አበላሽታ፣ መጋረጃውን እያኘከች ተገኘች። ከተፈረደበት አንድ ዓመት ከግቢ ይታገዳል። አማካሪ ሁኚኝ ብሎ ሲመጣ እሺ ለማለት አልዘገየሁም።

«አንዴ ስረግጥህ ዝም በል፤ ሁለቴ ስረግጥህ ጠይቅ» አልኩት።

«ሦስቴስ?»

«ተናድጃለሁ ማለት ነው።»

በዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ጥበቃው ሚስተር ዶይል መሰከሩ። «ከኋላው አይቼዋለሁ። ረጅም ነው፣ ቦት ጫማ አድርጓል።»

በዚያ ግቢ ቦት የማያደርግ የግብርና ተማሪ ካለ እስቲ ያሳዩኝ! ሁለቴ ረገጥኩት።

«መቼ ነው ያዩኝ?» አለ ዌንዴል።

«ያለፈው ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ።»

ጉድ! የክሱ ደብዳቤ «በዚህ ሴሚስተር» ከማለት በቀር ቀን አልጠቀሰም። ሰው ቀኑን ሳያውቅ በምን ይከራከራል? አፌን ስከፍት ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ሀርግሮቭ በዓይናቸው ገሠጹኝ።

«ታዲያ ሐሙስ የት ነበርክ?» አሉት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «የሕግ ቤተ መጻሕፍት።»

«የከብት ተማሪ እዚያ ምን ይሠራል?»

ጫማውን ማየት ጀመረ። ሁለቴ ረገጥኩት። ሦስተኛውን ጨመርኩለት።

«ኧረ እግሬን!» ብሎ ጮኸ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። «እሺ! እሷን ለማየት ነው የምሄደው!»

እኔ ደስታዬን የት ላድርገው?

«እዚያ ያየህ ሰው አለ?» አሉት ሰብሳቢዋ።

«እንጃ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እሷ እንደሆነች ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።»

ተነሣሁ።

«አማካሪ አይናገርም!» አሉ ሰብሳቢዋ።

«አማካሪነቱን ትቻለሁ። ምስክር ነኝ። ያን ዕለት ከቀትር ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ማታ እስኪዘጋ ድረስ ፊት ለፊቴ ነበር።»

«ቀና ብለሽ ካላየሽው በምን አወቅሽ?»

ከእንግዲህ ምን ይደበቃል! «እሱ ሲያቀረቅር ጠብቄ ነው የማየው። ሐሙስ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ነበር። ልነግረው አፍሬ ዋልኩ።»

ሚስተር ዶይል «እንግዲያው ሌላ ሰው ነው ያየሁት» አሉ። ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን እያፈኑ ክሱን ዘጉት።

ዌንዴል ኮሪደሩ ላይ እያነከሰ ደረሰብኝ።

«ዲግሪው አይደለም ያስጨነቀኝ» አለ። «ግቢ እንዳልገባ ቢከለክሉኝ፣ አንቺን የት አይሽ ነበር?»

«ነይ እንገናኝ ትለኝ ነበራ፣ አንተ ፈሪ!» አልኩና እጁን ያዝኩት።