አንድ ዙር ብቻ

ያላመነኝ ይተወው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ጂንካ ነው፣ አሮጌው አውሮፕላን ሜዳ አጠገብ። ያለፈው ዓመት ግንቦት። ሌሊት አልነበረም... ከቀኑ አስር ሰዓት።

ጎረቤቴ አረጋሽ ታናሽ ወንድሟን ታስታምም ነበር። ሙሴ ከዲመካ ገበያ ሲመለስ ሞተሩ ተገልብጦ ከወገቡ በታች አልንቀሳቀስ ካለ ሰባት ወሩ ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንዲህ ብሏት ነበር። እግር በራሱ አይሄድም። አንጎል ያዛል፤ ትእዛዙ በህብለ ሰረሰር ወርዶ፣ በነርቭ አልፎ ጡንቻ ጋ ይደርሳል። የሙሴ መንገድ ተበጥሷል።

"ቢሆንም ማዘዙን አያቁም" አላት። "ምናልባት ትእዛዙ ሌላ መንገድ ያገኝ ይሆናል።"

ስለዚህ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሙሴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዛል። እሷ እግሩን ይዛ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ሃያ ቀኙን፣ ሃያ ግራውን። ከዚያ ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ማገላበጡ አለ። ቆማ ነበር የምታንቀላፋው። ታሳዝነኝ ነበር።

አንድ ቀን አስር ሰዓት ሆኖ፣ ዘግይታ ገና ልብስ ስታሰጣ አየኋት።

ቀኝ እግሯ ተነሳ... ታጠፈ... ተዘረጋ።

"ምን ሆነሻል?"

"እንጃ ተዋቡ። ድካም ነው መሰለኝ።"

ሃያ ጊዜ። ከዚያ ግራው ጀመረ።

ተያይዘን ገባን። ሙሴ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ላብ አጥምቆታል።

"እታለም" አለ በሹክሹክታ። "ዛሬ ሳትነኪኝ ታጠፈልኝ።"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። የሱ እግር ንቅንቅ አላለም።

አረጋሽ የታጠፈው የሷ እግር መሆኑን ሳምንት ሙሉ ደበቀችው። በመጨረሻ ነገረችው። ብዙ አለቀሰ። ከዚያ እጇን ያዘ።

"አንድ ዙር ብቻ ልሩጥ። ሜዳውን። ከዚያ በኋላ አላዝም።"

"እምቢ በይው" አልኳት በጆሮዋ።

"ደክሞኛል ተዋቡ። እምቢ ማለቱም ደክሞኛል።"

ሸራ ጫማዋን አጠለቀች። ስልኳን ያዘች። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ሜዳውን አንዴ ዞረች። አላቆመችም። ሁለተኛውን ጀመረች... መሃል ላይ ወደ አስፋልቱ ታጠፈች። ከዓይኔ ተሰወረች።

ስልኬ ጠራ።

"ተዋቡ... አቁም በይው።"

እየሮጠች ድምጿ አይቆራረጥም። አላለከለከችም። ከኋላዬ የሚያለከልከው ሙሴ ነው።

ዞር ብዬ አየሁት።

"እንቅልፍ ወስዶታል" አልኳት። "ልቀስቅሰው?"

የጫማዋ ኮቴ ብቻ ይሰማኛል።

"ፊቱ እንዴት ነው?"

"ፈገግ ብሏል።"

ከወደቀ ወዲህ ፈገግ ሲል አይተነው አናውቅም ነበር።

"ተይው በቃ" አለችኝ። "ትንሽ ይተኛ።"

ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ። አይነሳም።

ሊመሽ ሲል ሙሴን ወዘወዝኩት። ጠራሁት። አልነቃ አለኝ። ጨነቀኝና ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገፈፍኩት።

ሰባት ወር መሬት ያልነካው ውስጥ እግሩ በቀይ አቧራ ተሸፍኗል። ተረከዙ ተሰንጥቆ ይደማል።

እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ ጠረግኩት።

አንዱን እግር ጠርጌ ወደ ሌላው ሳልሻገር... የጠረግኩት ላይ አዲስ አቧራ ተነስንሶበት ነበር።