ከምላስ ሥር

«አየሽ? ዋጠው!» አለ ሚኪ፣ ከግንቡ ጥግ አንገቱን አስግጎ።

«አልዋጡም» አለች እድላዊት። «ከምላሳቸው ሥር ነው ያደረጉት።»

ደብተሯን አውጥታ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያየችውን ጻፈች። ያላየችውን አትጽፍም። የባዮሎጂ መምህራቸው የኔሰው ወደ ትምህርት ቤቱ በሚያወጣው ዳገት መሀል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሿን ቡናማ ጠርሙስ ወደ ኮት ኪሳቸው መለሱ። ጥቂት ቆይቶ ፊታቸው ቀላ፤ ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጦዟል ሰውዬው!» አለ ሚኪ። «ገና በጠዋቱ! እኔን በኩረጃ ይዞ ወላጅ ያስጠራኛል፣ እሱ ግን…»

እድላዊትም መጠርጠር ከጀመረች አንድ ወር አልፏታል። የታመመ ሰው ኪኒኑን በሰው ፊት በውሃ ይውጣል። እሳቸው ግን መጀመሪያ ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። አንድ ቀን «ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?» ብትላቸው «ከረሜላ ናት» ብለው ዓይናቸውን አሸሹባት። ደብተሩን ያስጀመራት ያ መልስ ነው።

«ነገ ከፈተናው በኋላ ለዳይሬክተሩ እንስጠው» አለ ሚኪ። «እኔን ማን ያምነኛል? አንቺን ግን ሁሉም ያምንሻል። እንዳትፈሪ ደግሞ!»

«ምን ያስፈራኛል?» አለች።

በነጋታው ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። እድላዊት ዳገቱን ስትወጣ መምህር የኔሰው እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። ጠርሙሷን ይዘው ክዳኑን መክፈት አቅቷቸዋል።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ክፈችልኝ።»

ተቀበለቻቸው። ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ «ደረት ሲያምዎ አንድ ፍሬ ከምላስ ሥር» ተብሎ ተጽፏል። ከፍታ አንዷን ሰጠቻቸው።

«ሰዓት ያዢልኝ። በአምስት ደቂቃ ካልተወኝ ሰው ጥሪ።»

እድላዊት ዓይኗን ከስልኳ ላይ አልነቀለችም። በአራተኛው ደቂቃ ትከሻቸው ረገብ አለ፤ ፊታቸው ቀላ።

«አሁን ደግሞ የራስ ምታቱ መጣ» አሉ። «ኪኒኗ የጭንቅላቱንም ደም ሥር ስለምታሰፋ ነው።»

«ልብዎን ነው የሚያምዎት?»

«ለልቤ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበዋል። ዳገት ስወጣ ጡንቻው ብዙ ደም ይፈልጋል፣ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው። ያን ጊዜ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል። ይህች ደም ሥሮቼን ስታሰፋቸው ወደ ልቤ የሚመለሰው ደም ቀነስ ይላል፣ ሸክሙ ይቀልለታል፣ በደረሰው ደም ይብቃቃል። ጉልበት አትሰጠውም፤ ሥራ ነው የምትቀንስለት።»

«ታዲያ ለምን ከረሜላ አሉኝ?»

መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ በር አዩ። «ዳገት የማይወጣ አስተማሪ እዚህ አገር ምን ይሠራል? ቢሰሙ ከሥራ ያሳርፉኛል። ደግሞ ዳገቱ ላይ ብቻ ነው የሚነሳብኝ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እሺ?»

እድላዊት «እሺ» ልትል ነበር። «ዳገቱ ላይ ብቻ» ያሉት ግን አላስኬድ አላት። ደብተሯን አውጥታ ገለጠች። የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች በየሳምንቱ አንድ አንድ ናቸው፦ ዳገት። አምስተኛው፣ የተማሪ ደብተር ተሸክመው። ስድስተኛው፣ ሐሙስ፣ ሰሌዳው አጠገብ ቆመው። ሰባተኛው፣ ዓርብ፣ በመምህራን ክፍል መስኮት የታየ፣ ተቀምጠው። ስምንተኛው ትናንት። ዛሬ ዘጠነኛው ነው።

«ቲቸር፣ ዳገቱ ላይ ብቻ አይደለም።»

ደብተሩን ተቀብለው አነበቡ። ፊቷ ጋለ።

«ለዳይሬክተሩ ልሰጠው ነበር» አለች። «እርስዎን ጠርጥሬ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሱስ።»

ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ጣታቸው ሰባተኛው መስመር ላይ ቆሟል። «ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ተቀምጠህም ያምሃል ወይ? አለኝ። የለም አልኩት። ከጀመረህ ግን ሳታድር ና ብሎኛል።»

ከላይ ደወል ተደወለ። ሚኪ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። «እድልዬ! ፈተናው ሊጀመር ነው! ደብተሩን ይዘሻል?»

«ሂጂ ልጄ፣ እንዳያመልጥሽ» አሉ መምህሩ። «እኔ ነገ ሆስፒታል እሄዳለሁ።»

እድላዊት አየቻቸው። «ነገ» ሲሉ ዓይናቸው እንደ ከረሜላው ዕለት ሸሽቷል።

ደብተሯን ከእጃቸው ወሰደች። የዛሬውን ቀንና ሰዓት ጻፈች፣ ቀጥሎም «አራት ደቂቃ» ብላ ጨመረች። ከታች አንድ ባጃጅ እያቃሰተ ይወጣ ነበር። መንገዱ መሀል ገብታ እጇን ዘረጋች።

«ወደ ትምህርት ቤት ነሽ?» አለ ሾፌሩ።

«አይ፣ አዙረው» አለች። «ወደ ሆስፒታል ነን፤ ሁለት ሰው።»