ለባንቺ የሳልኩት መቃብር

ይህን እንድታምኑኝ አልለምናችሁም። መንግሥቴ በምባለው በእኔ ላይ የደረሰ ነው፤ አሁን ብዋሽ የሚጠቅመኝ ነገር የለም። የዋሸሁት ድሮ ነው።

1995 ዓ.ም.፣ ግንቦት ውስጥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦታው በሰቆጣ በኩል ያለው ዝቋላ፣ ከጽጽቃ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የተወለድኩበት መንደር በሰባ ሰባቱ ድርቅ እንደተፈታ ቀርቷል። ጣሪያ የለ፣ ሰው የለ... የድንጋይ ግድግዳ ብቻ።

ያኔ ሰቆጣ ሥዕል አስተምር ነበር። እናቴ ዝናሽ ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት አብራኝ ትኖራለች። አንድ ቀን ጠራችኝ።

"ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ቤታችንን ሳልልኝ" አለች። "የእህትህንም መቃብር።"

እናት ለምና እንዴት እምቢ ይባላል?

ግን መቃብር አልነበረም...

በሰባ ሰባት እናታችን እህል ፍለጋ ወደ ኮረም ስትሄድ እኔ የዘጠኝ፣ እህቴ ባንቺ የአምስት ዓመት ልጆች ነበርን። እናታችን ስትዘገይብን ልከተላት ተነሣሁ። ባንቺ መራመድ አልቻለችም፤ ልሸከማት ደግሞ አቅም አልነበረኝም። የቤታችን ደፍ ላይ አስቀመጥኳትና ውሃ ይዤልሽ እመጣለሁ አልኳት።

አልተመለስኩም።

እናቴን ኮረም ሳገኛት፣ ባንቺ ሞታ ከቤታችን ጎን እንደቀበርኳት ነገርኳት። አመነችኝ። ፍትሐት አስፈታች፣ ተዝካር አወጣች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። አሥራ ስምንት ዓመት አድሮ ስላልጠራ፣ የቀረልኝ መስሎኝ ነበር።

ወደ መንደሩ ስሄድ መንገድ ላይ አያ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ አገኘሁ። የት እንደምሄድ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ቀትር ላይ እዚያ እንዳልቀመጥ፣ ብቀመጥም ውሃ በእጄ እንዳልይዝ መከሩኝ። በልቤ ሳቅሁባቸው። ያለ ውሃ የውሃ ቀለም እንዴት ይሳላል?

ከቤታችን ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከኮዳዬ ወደ ኩባያ ውሃ ቀዳሁ። ግድግዳውን ሳልኩ፤ በሩን ሳልኩ። ፀሐዩ ብሩሹን ገና ሳላነሣ ቀለሙን ያደርቀዋል።

ከዚያ ከበሩ ጎን፣ ያልነበረውን የድንጋይ ክምር ሳልኩ።

እሱ አልደረቀም...

ቀለሙ ተንሸራቶ ወረደና ቦታው ነጭ ሆነ። ደግሜ ሳልኩት። ደግሞ ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ብሩሹን ልነክር ስል ኩባያው ባዶ ነው።

አልደፋሁትም። አልተሰነጠቀም። ከሥሩ ያለው አፈርም ደረቅ ነው።

ሞላሁት። ዓይኔ እያየ ግማሽ ሆነ... ከዚያ ሩብ...

ከደፉ በኩል የደረቀ ጉሮሮ ድምፅ መጣ።

"አመጣህ?"

ቀና ብዬ አላየሁም። ወረቀቱንና ቀለሜን ታቅፌ ሮጥኩ፤ ጽጽቃ እስክገባም ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ይህ ሁሉ ደርሶብኝ እንኳ አልተማርኩም። በማግስቱ ሰቆጣ ቤቴ ቁጭ ብዬ መቃብሩን በቧንቧ ውሃ ሳልኩት። ወዲያው ደረቀ። እፎይ ብዬ ለእናቴ ይዤላት ገባሁ።

"ይኸው ቤታችን። ይኸው መቃብሯ" አልኳት።

ሥዕሉን አልተቀበለችኝም። አጠገቧ የቆመ ሰው መለየት ያቃታት እናቴ፣ በትከሻዬ በኩል አሻግራ በሩን ታያለች።

"ቀበርኳት አልከኝ" አለች ቀስ ብላ።

"እማዬ..."

"የልጄን ፍትሐት በቁሟ አስፈታኸኝ።"

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መደቡ ላይ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚደረገው በዝግታ፣ ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋችው።

ነጠላው መደቡን አልነካም...

ከፍ አለ። ዝቅ አለ።

ደግሞ ከፍ አለ።