የሃምሳ በመቶው ጠብ

ሰው በመቶኛ ይጣላል? እኔና ራኡፍ ተጣልተናል፤ ያውም እኔን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ማግስት።

ራኡፍ የሂሳብ አስተማሪ ሆኖ ወደ ከተማችን፣ ቱኒዚያ ውስጥ ወዳለችው ናቡል፣ ሲመጣ ጎረቤታችን ያለውን ቤት ተከራየ። እኔ ደግሞ የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መቶኛ ላይ ጥሎኝ፣ አኩርፌ ቤት ተቀምጬ ነበር። ለሚቀጥለው ፈተና ግቢያችን ውስጥ ያስጠናኝ ጀመር፤ እናቴ ባቄላ እየፈለፈለች ታየናለች።

«አራት ኪሎ የብርቱካን አበባ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ከወጣው፣ አሥር ኪሎስ?»

«አምስት።»

«ጎበዝ! እንዴት አወቅሽው?»

«አባቴ በየዓመቱ የሚያወጣው እሱን ነዋ!»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም፤ እናቴ አሳለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጥያቄው ይልቅ ጠያቂውን ማሰብ አበዛሁ።

አባቴ አቶ ሙንጂ፣ በአገራችን አጠራር ሲ ሙንጂ፣ ሽማግሌዎቹን እሺም እምቢም አላላቸው። በእኛ ቤት ለሠርጉ ጣፋጭ የሚሆነውን የአበባ ውሃ ሙሽሮቹ ራሳቸው አበባውን በድስት አፍልተው፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ያወጡታል። «መጀመሪያ ውሃቸውን ላሽትተው» ብሎ ሸኛቸው።

በማግስቱ ጠዋት ነፋስ ስለነበር ለቃሚዎቹ ያመጡት አበባ ጥቂት ነው። ስለዚህ በወትሮው አሥር ኪሎ ፋንታ አምስት ኪሎ ከተን፣ ለቤት የሚሆን አንድ ድስት አወጣን። ከሰዓት አበባው በሽ በሽ ሆነ፤ የሙሽራዋ ድስት ተራ ደረሰ። ራኡፍ እሳቱ ዘንድ፣ እኔ ሚዛኑ ዘንድ ነን። አክስቶቼ ጥላው ሥር ተደርድረው ያዩናል።

«ኤምና! ጠዋት ሃምሳ በመቶ ቀንሰናል፤ አሁን በጠዋቱ ላይ ሃምሳ በመቶ ጨምሪበት!» ብሎ ጮኸ።

እንዳለኝ አደረግኩ። የአምስት ኪሎ ሃምሳ በመቶ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ሰባት ኪሎ ተኩል መዝኜ ከተትኩ።

አባቴ የወጣውን ውሃ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አሸተተ። «ይሄ የእጅ መታጠቢያ ነው» አለና ጀርባውን ሰጠን።

«ስንት ነው የከተትሽው?» አለኝ ራኡፍ።

«ሰባት ተኩል።»

«አሥር ነዋ የሚሆነው! ድስቱን ውሃ የሞላሁት ለአሥር ኪሎ ነው! ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትማሪ ነበር?»

አንዷ አክስቴ ሳቀች። ሚዛኑን ጥዬ ሰገነት ላይ ወጣሁና አለቀስኩ። ትዳሩም ፈተናውም አንድ ላይ ያመለጠኝ መሰለኝ።

ብዙ ሳይቆይ ተከትሎኝ መጣ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ኤምናዬ።»

ፊቴን አዞርኩበት።

«ይቅርታ አልኩሽ እኮ። ሌላ ምን ቀረ?»

«ብዙ ቀረ!» አልኩ ዓይኔን እየጠረግኩ። «በሰው ፊት አዋርደህ ግማሽ አደረግኸኝ። ስትቀንስ ከሙሉዋ ኤምና ላይ ቀነስክ፤ ስትጨምር ግን በተረፈችው ላይ ነው የምትጨምረው። ግማሽ የሆነውን ሙሉ ለማድረግ ሃምሳ በመቶ አይበቃም፤ መቶ በመቶ ነው የሚያስፈልገው!»

ያልኩት ለራሴም የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ራኡፍ በጣቱ አሰላ።

«ሃምሳ በመቶ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው።»

«እኮ!»

ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ግቢው መሃል ቆሞ፣ «ሲ ሙንጂ! እናቶቼ! ስህተቱ የእኔ ነው፤ መቶኛ ያልገባው አስተማሪው ነው!» ሲል ከላይ ሰማሁት። አክስቶቼ በሳቅ ፍርስ አሉ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ ቂሜ ከሳቁ ጋር ወጣልኝ።

በነጋታው አሥር ኪሎ መዝኜ ከተትኩ። አባቴ አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ። ራኡፍ ከጀርባዬ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

«ይሄ የሙሽራ ውሃ ነው፤ ቀን ቁረጡ» አለ አባቴ። «ልጆች ስትወልዱ ግን ሂሳቡን እሷ ታስተምራቸው።»